ሃይሉክስ 2.8 ለደንገጎ ዳገት፦ ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ?

ድሬዳዋ ውስጥ ጉልበት ያለው ፒክአፕ ለሚፈልግ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ማንዋል ግዛ፣ አይበገርም»። ለድሮዎቹ መኪኖች ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ለተሠራው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ግን አይሠራም። 204 የፈረስ ጉልበት ያለው ያው ሞተር ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር 500 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል፤ ከማንዋሉ ጋር 420 ብቻ። ሁለቱም ባለ 6 ማርሽ ናቸው። 80ውን የቀነሰው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ «ማንዋሉ የበለጠ ይችላል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ልዩነቱ የሚታየው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የደንገጎ ዳገት ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ዳገቱ አናት ላይ ሲደረስ ከ2,000 ይበልጣል። ጭነት የያዘው ማንዋል ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲቀየር ነዳጅ መልቀቅ ግድ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የቱርቦው ግፊት ይወርዳል፣ መኪናውም ፍጥነቱን ጥሎ እንደገና 2ኛ ይለምናል። አውቶማቲኩ ግፊቱን ሳያቋርጥ ይቀይራል። ከዚህ የከፋው ግን ቀርፋፋ ከባድ መኪና ጀርባ መታገት ነው። በእግር ፍሬን ወይም በእጅ ፍሬን ፈንታ ፍሪሲዮኑን ባላንስ (ግማሽ ረግጦ) ይዞ መቆም የለመደ ሹፌር የፍሪሲዮኑን ዲስክ የሚጨርሰው እዚያ ነው። አወዳይ በገበያ ሰዓት፣ ሐረርም ሸዋ በር አካባቢ ያው ነው።

አውቶማቲኩም ከችግር ነጻ አይደለም። በጣም በዝግታ ከነጭነት ሲወጣ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክፍል) ስለሚንሸራተት ዘይቱን ያግለዋል፤ የድሬ ሙቀትና ራዲያተሩ ላይ የተጋገረ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ከበራ ዳር ይዞ ፒ ላይ ማድረግ፣ ሞተሩን ግን አለማጥፋት፤ ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ አይዞርም፣ አይበርድም። ዘይቱ ቶዮታ ደብሊው ኤስ ነው፤ ሌላ ቀይ ዘይት «አንድ ነው» ቢባልም አንድ አይደለም። «ዕድሜ ልክ አይቀየርም» የሚለውን ለዚህ አገር እርሱት፣ ከ60 እስከ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ይቀየር። አንዴ ሲፈስ ከግማሽ በታች ብቻ ስለሚወጣ ከፋፍሎ ደጋግሞ መቀየር ያስፈልጋል። መለኪያ ዘንግ የለውም፤ ልኩ የሚታየው ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ እያለ ከሥር ባለው ብሎን ነው። ይህን በግምት የሚሠራ ጋራዥ ካምቢዮ ያስጨርሳል።

ቁልቁለት ላይ ማንዋሉ ይበልጣል። ወደ ድሬ ሲወረድ 3ኛ ወይም 2ኛ ላይ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። አውቶማቲክ ነጂ ዲ ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ ፔዳሉ ይለሰልሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ኤስ (ነጂው ራሱ ማርሽ የሚገድብበት ቦታ) ላይ አድርጎ በ3 ወይም በ2 መገደብ።

ሌላው የማንዋሉ ብልጫ ጥገናው ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ፣ እሱን የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታው አንድ ላይ ከተቀየሩ (ካምቢዮ ወርዶ ዲስክ ብቻ መቀየር የገንዘብ ብክነት ነው) ብዙው መካኒክ ይችለዋል። ቮላኖው (ዲስኩ የሚጫንበት የሞተሩ ብረት) ላይ የሙቀት ስንጥቅ መኖሩ፣ ከሞተሩ ኋላ ያለው የዘይት መያዣ ጎማም ዘይት ማንጠባጠቡ ያኔውኑ ይታይ። በሽንሌ ወይም በደወሌ በኩል ከጋራዥ ርቆ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አውቶማቲኩ ከቆመ በገመድ አይጎተትም፣ ጭነት መኪና ላይ መውጣት አለበት።

ድሬና ሐረር ለሚመላለስ ጭነት አውቶማቲኩ ይመረጣል፤ ከአስፋልት ርቆ ለሚሠራ ማንዋሉ። ማንዋሉ ላይ ጉልበት የሚጨምር ቺፕ ማስገጠም ግን ፍሪሲዮኑን ለመጨረስ መክፈል ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የሚገኘው በአብዛኛው ያገለገለ ነው፤ ፍተሻው ሳይዘለል ይሁን። ማንዋሉን ሜዳ ላይ በ5ኛ ማርሽ በ50 አካባቢ እየሄዱ ነዳጁን እስከ ታች ይርገጡት፤ የሞተሩ ዙር ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ዲስኩ አልቋል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። አውቶማቲኩ ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሲሸት አይገዛም። ዲ እና አር ሲገባ የሚዘገየው በብዛት ጠዋት ገና ሳይሞቅ ስለሆነ፣ ሻጩ አሙቆት ከጠበቀ በማግስቱ ሳይነሣ ደርሶ ኮፈኑን በእጅ ነክቶ ማስነሣት ነው።