ቀለም የተቀባ ፖምፓ «የታደሰ» ተብሎ እንዳይሸጥላችሁ

የናፍጣ ኢንጀክሽን ፖምፓ (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን) ልትገዙ የተነሳችሁ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። «አዲስ ይሻላል ወይስ የታደሰ?» ብላችሁ ሻጩን ብትጠይቁት የሚያተርፈውን ይነግራችኋል። መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነው፦ ይህ ፖምፓ ተከፍቶ ነበር? ምን ምኑ ተቀየረ? የተለካበት ወረቀትስ የት አለ?

እኔን ያነሳሳኝ «ሙሉ ዕድሳት የተደረገለት» ተብሎ የተሸጠ አንድ ፖምፓ ነው። ሲከፈት እዚያው ነበርኩ። ውጩ እንደ መስታወት ያበራል፤ ብርማ ቀለሙ ገና ይሸታል። ውስጡ ግን የተነካ አይመስልም ነበር። ኦሪንጎቹ (ክብ የጎማ ማሸጊያዎቹ) አዲስ ናቸው፣ የፊት ሲሉም (ናፍጣ በዘንጉ በኩል እንዳይፈስ የሚያግደው ማሸጊያ) አዲስ ነው፤ ሲሉ የተቀመጠበት ዘንግ የሚሽከረከርበት ቡሽ ግን ተበልቶ በእጅ ሲነካ ይወዛወዛል። እንዲህ ያለ ዘንግ አዲስ ሲልን ወዲያው ይበላዋል። ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በጥርስ የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ የሚያፈሰው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል፤ የዘይት መለኪያው ላይ ዘይት «ጨምሮ» የምታዩት ለዚህ ነው። የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ራሱን ሊጨርሰው ይችላል። ሲል መቀየር አንድ ሥራ ነው፣ ማደስ ሌላ ሥራ ነው፤ ዋጋቸውም አንድ መሆን የለበትም።

እውነተኛው ዕድሳት ለምን ውድ እንደሚሆን ልንገራችሁ። ናፍጣውን የሚገፋው ፕላንጀርና የሚንቀሳቀስበት ባሬል አብረው ተፈጭተው የተጋጠሙ ጥንዶች ናቸው። በመሀላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን አስቡ። ስለዚህ የአንዱን ፕላንጀር ከሌላው ባሬል ጋር አጋጥሞ መገጣጠም አይቻልም። ከሁለት ከሞቱ ፖምፓዎች አንድ «የታደሰ» የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ያ ፖምፓ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስቸግራል።

ይህ ክፍተት ሲሰፋ ምልክቱ የታወቀ ነው። ሞተሩ ጠዋት በብርዱ ወዲያው ይነሳል፤ ሞቆ ካጠፋችሁት በኋላ ግን ቢያሽከረክሩት አልነሳም ይላል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላው ክፍተት ወደ ኋላ ይሾልካል፣ ኖዝሉን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) የሚከፍት ግፊት አይገኝም። ስታናዳይን የሚባለው ኩባንያ እንደሠራው ዲቢ2 ባሉት ዙር ፖምፓዎች (በአንድ ሮተር ለሁሉም ሲሊንደር የሚያከፋፍሉት) ላይ የቆዩ መካኒኮች የሚያደርጉት ፈተና አለ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ የፖምፓው ጭንቅላት ላይ ያደርጋሉ። ቀዝቅዞ ከተነሳ ጭንቅላቱና በውስጡ የሚሽከረከረው ሮተር ተበልተዋል ማለት ነው። (ሞተሩ እየሠራ ቀዝቃዛ ውኃ የምትደፉ ግን ተጠንቀቁ፤ ውስጡ ነክሶ ሊቀር ይችላል።) ሻጭ በብርዱ አስነስቶ ካሳያችሁ ምንም አላሳያችሁም። ሞቆ፣ ጠፍቶ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሳ እንደሆነ እዩ።

የዚሁ የዲቢ2 ሌላ ነገር፦ በቆዩት ላይ የገቨርነሩን (የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረውን ክፍል) ክብደቶች የሚይዘው ተለጣጭ ቀለበት እያደር ይፈረፍራል። ጥቁር ስብርባሪው የመመለሻውን ቀዳዳ ይደፍንና ሞተሩ እየሠራ ይጠፋል። ያደሰው ሰው ይህን ቀለበት ቀይሮት እንደሆነ ጠይቁት። «የትኛው ቀለበት?» ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ፖምፓ ከታደሰ በኋላ ቴስት ቤንች (የፖምፓ መፈተሻ ማሽን) ላይ ወጥቶ ለዚህ ሥራ በተዘጋጀ መለኪያ ዘይት ይፈተሻል። በሚኒሞ፣ በመካከለኛና በሙሉ ዙር ስንት ናፍጣ እንደሚያወጣ፣ ገቨርነሩ የት ላይ እንደሚቆርጥ፣ ታይሚንጉ (ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ) ስንት እንደሚቀድም፣ በእያንዳንዱ መውጫ መሀል ስንት ልዩነት እንዳለ ይመዘገባል። ወረቀቱ ላይ ከፖምፓው ሳህን (ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ብረት) ላይ ያለው ቁጥር ራሱ መኖር አለበት። «ማሽን ላይ አይተነዋል» የሚል የቃል መልስ አትቀበሉ። የማንኛውም ፖምፓ ሊሆን የሚችል ቁጥር አልባ ፎቶ ኮፒም አትቀበሉ። በእኔ ግምት ይህን ወረቀት መጠየቅ ብቻውን ግማሹን አታላይ ያሸሻል።

አዲስ የሚባለውም ወጥመድ አለው። የቦሽ ፖምፓ ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ ቪኢ የሚባሉት ዙር ፖምፓዎች ብዙ ጊዜ በ0 460፣ የኮመን ሬል ፖምፓዎች (ሬል ለሚባል ለሁሉም ኖዝል የጋራ የሆነ ቱቦ የሚገፉት) ደግሞ በ0 445 ይጀምራሉ። በ0 986 የሚጀምር ቁጥር ያለበት የናፍጣ ፖምፓ «አዲስ ነው» ከተባላችሁ ቆም በሉ፤ ፋብሪካው ራሱ አድሶ በልዋጭ የሚሸጣቸው ፖምፓዎች የሚወጡት በዚህ ቁጥር ነው። ዕቃው መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም ከብዙ የታደሱት ይሻላል፤ ግን የአዲስ ዋጋ ሊያስከፍሏችሁ አይገባም። ሳህኑ የተነቀለበት፣ ቁጥሩ የተፋቀበት ወይም በሪቬት ፋንታ በማጣበቂያ የተለጠፈበት ከሆነ ንግግሩ እዚያ ያበቃል።

ለብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ «አዲስ» ላይም ጥያቄ አለኝ። ጎማው ያረጃል። ከዚህም በላይ የዛሬ ናፍጣ የድሮው አይደለም፤ በአውሮፓ ደረጃ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም፣ በአሜሪካ ደረጃ ከ15 ሚሊግራም በላይ ሰልፈር አይፈቀድም። ለድሮው ናፍጣ የተሠራ ሲል ናፍጣው በዚህ ሲተካ ሊኮማተርና ሊያፈስ ይችላል። ኦሪንጎቹ ቫይቶን (ናፍጣ የሚቋቋም የጎማ ዓይነት) መሆናቸውን ጠይቁ። ሰልፈር ሲወጣ ናፍጣው የማለስለስ ኃይሉም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማለስለሻ ይጨመርበታል። አብዛኛው ፖምፓ ደግሞ ከናፍጣው ሌላ የሚያለሰልሰው የለም፤ እንደ ቦሽ ፒ ያሉት ረድፍ ፖምፓዎች (ፕላንጀሮቻቸው በመስመር የተደረደሩት) ግን ካማቸው (ፕላንጀሩን የሚገፋው ዘንግ) በሞተር ዘይት ይለሰልሳል። ቤንዚን የተቀላቀለበት ናፍጣ ፖምፓ የሚገድለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ የትኛውን? መልሱ እንደ ፖምፓው ዓይነት ነው። ቦሽ ፒ ያለ ረድፍ ፖምፓ ከሆነ በጥሩ እጅ የታደሰውን እመርጣለሁ፤ አካሉ ጠንካራ ነው፣ የሚበላው ክፍል ይታወቃል፣ ይቀየራል። ቪኢም እንዲሁ፣ ቡሹና ጭንቅላቱ መታየታቸው ከተረጋገጠ። ቪፒ44 በሚባለው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቦሽ ፖምፓ ላይ ግን ጠርጣራ ነኝ። ኤሌክትሮኒክሱ ፖምፓው ላይ ተጭኗል፤ ሜካኒካል ክፍሉን ብቻ ነካክቶ የድሮውን ሰርኪት እንዳለ የሚተው ዕድሳት ግማሽ ሥራ ነው። ይህ ፖምፓ የሚቀዘቅዘውም በሚያልፍበት ናፍጣ ነው፤ ከታንኩ የሚስበው ትንሹ ፖምፓ ከደከመ አዲሱም ይሞታል። የትንሹን ፖምፓ ግፊት ሳይለኩ ቪፒ44 የሚገጥም መካኒክ ሁለተኛውን እያዘዘላችሁ ነው።

ሲፒ4 የሚባለው የቦሽ ኮመን ሬል ፖምፓ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሮለሩ በካሙ ላይ መንከባለል ትቶ መፋተግ ይጀምራል፤ ብረቱ ተፍቆ እንደ ብናኝ ከናፍጣው ጋር ይሄዳል። ብናኙ ሬሉን፣ ኖዝሎቹን፣ ቱቦዎቹን ያዳርሳል፣ በመመለሻው እስከ ታንክ ይደርሳል። እዚህ ላይ «ፖምፓውን ብቻ እንቀይር፣ ይበቃል» የሚላችሁ ሰው፣ የሚሸጠው ፖምፓ አዲስም ይሁን የታደሰ፣ መጥፎ ንግድ ነው የሚያቀርብላችሁ። ቀሪው ብናኝ አዲሱንም ፖምፓ ይዞት ይሄዳል። ፊልትሮውን ቆርጣችሁ እዩት፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ሒሳቡ ሙሉ ሥርዓቱን ያጠቃልላል፣ ወይም ገንዘባችሁን ያዙ።

ዋስትናውን ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት። ሻጮች የሚወዷት መውጫ «ናፍጣው ቆሻሻ ነበር» የምትል ናት። አንዳንዱ ዋስትና ፊልትሮ መቀየሩን በደረሰኝ እንድታሳዩ ይጠይቃል፤ አብዛኛው የማውለቅና የመግጠም ድካሙን አይከፍልም። ስለዚህ የሞተውን ፖምፓ ስታወልቁ ከፊልትሮው ትንሽ ናፍጣ በንጹሕ ብርጭቆ አስቀምጡ፣ የአዲሱን ፊልትሮ ደረሰኝ አትጣሉ፣ ዕቃው ሲደርሳችሁ መውጫዎቹ ሁሉ የተደፈኑ መሆናቸውን ፎቶ አንሱ። ሳይደፈን የመጣ ፖምፓ በመንገድ ላይ አቧራ ጠጥቷል፤ መልሱት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ምናልባት ከሁሉም በፊት ማለት የነበረብኝ፦ ፖምፓው ባይሞትስ? አየር የሚስብ ቱቦ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የደከመ ኖዝል፣ የሸሸ ታይሚንግ፣ ሁሉም የሞተ ፖምፓ ይመስላሉ። በፖምፓው መግቢያ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ግጠሙና አረፋ ይመጣ እንደሆነ እዩ። ቪኢ ላይ ናፍጣ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ይል እንደሆነ ስሙ፤ እሱ ከሞተ ሞተሩ በጭራሽ አይነሳም፣ መጠገኛው ግን ከፖምፓው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ይህን ሳያይ «ፖምፓ ነው» ብሎ የፈረደ መካኒክ ከሻጩ ኮሚሽን ያለው ይሁን አይሁን ራሳችሁ ገምቱ።

በመጨረሻ የአሮጌው ፖምፓ ጉዳይ። ብዙ ሻጮች አሮጌውን እስክትመልሱ ድረስ መያዣ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ይህ የተለመደ ነው። አሮጌውን ግን አዲሱ ተገጥሞ፣ ታይሚንጉ ተስተካክሎ፣ ሞቆ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሳ ድረስ አታስረክቡ። መያዣው በምን ሁኔታ እንደማይመለስ ቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ፤ «የተሰነጠቀ አካል አንቀበልም» የምትለዋ ሐረግ ከተመለሰ በኋላ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ታገኛለች። የአሮጌውን ቁጥር፣ ሳህኑንና አካሉን በአራቱም በኩል ፎቶ አንስታችሁ ስጡት።