ቻንደለሩ ይገዛል፣ የአገጣጠም ወረቀቱ ግን አይታመንም

ዕቃው ስድስት ክንድ ያለው የሳሎን ቻንደለር ነው። አካሉ ብረት ነው፣ የአምፖል መያዣዎቹ ኢ27 (አምፖሉ ተጠምዝዞ የሚገባባቸው) ናቸው፣ ክብደቱ ከነመስታወቱ 9 ኪሎ ነው። መያዣዎቹ ፖርሲሊን ናቸው፤ አካሉ ላይም አረንጓዴና ቢጫ የግራውንድ ሽቦ፣ ያመለጠ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስደው፣ በብሎን ታስሮ ይመጣል። በዕቃነቱ ብዙ የሚወቀስበት የለም። አደጋው ያለው ካርቶኑ ውስጥ በተጣጠፈው አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ነው። አምስት ሥዕሎችና አስመጪው የለጠፈባት አንዲት የአማርኛ መስመር አሉበት። እያንዳንዱን ሥዕል በትክክል የተከተለ ሰው መብራቱ ይበራለታል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው ሊገድል የሚችል ብረት ሰቅሏል። ተመሳሳይ ሥዕል ሌሎች ቻንደለሮች ጋርም ስለሚመጣ የፋብሪካውን ስም አንጠራም።

ከአማርኛዋ መስመር እንጀምር። «ከመግጠምዎ በፊት መብራት ያጥፉ» ትላለች። በእኛ ቋንቋ መብራት አምፖሉም ነው፣ ኃይሉም ነው። ስለዚህ አንዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ተጭኖ መሰላል ይወጣል። ሌላው ደግሞ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ «አሁን ነው ጊዜው» ብሎ ሽቦ ይነካል፤ ኃይሉ ግን ሲመለስ አያስጠነቅቅም። አይኢሲ 60598 የተባለው የመብራት ዕቃዎች ዓለም አቀፍ መመዘኛ መመሪያው ዕቃው በሚገጠምበት አገር ተቀባይነት ባለው ቋንቋ እንዲጻፍ ያዛል። ይህች አንዲት መስመር ግን ከዝምታ የባሰች ናት። መባል የነበረበት ይህ ነው፦ የመብራቱን መስመር ብሬከር ያውርዱ፤ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ሳጥኑ ላይ ወረቀት ይለጥፉ። ከዚያ ቴስተሩን በሌላ ብሬከር ላይ ባለና ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ይሞክሩ፤ ቀጥሎ ከኮርኒሱ የሚወጡትን ሽቦዎች በሙሉ፤ በመጨረሻም እንደገና ሶኬቱን። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ትርፍ አይደለም። በመሀል የተበላሸ ቴስተር ኃይል ያለበትን ሽቦ ባዶ ያስመስለዋል። ሰፈሩ መብራት በጠፋበት ሰዓት ቴስተር የሚነግርዎት ነገር የለም፤ ያን ጊዜ ሥራውን ያቆዩት።

ከሁሉ የከፋው አራተኛው ሥዕል ነው። ከኮርኒሱ ሁለት ሽቦ ብቻ ከወጣ የቻንደለሩን የግራውንድ ሽቦ በመቀስ ቆርጦ ጫፉን በፕላስተር መጠቅለል እንደሚቻል ያሳያል። በአገራችን አሮጌ ቤቶች የመብራት መስመሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ ስለሆነ ሥዕሉ የተሣለው ለእኛው ይመስላል። ምን ይከተላል? ሽቦዎቹ የሚያልፉት በቀጫጭን የብረት ክንዶች ውስጥ ነው። ክንዱ በብሎን ሲጠበቅ አብሮ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ሽቦውም ይጠመዘዛል፤ ልባሱ በቱቦው ስለታም አፍ ይፋቃል። ፌዙ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ ብረቱን በነካ ዕለት ቻንደለሩ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ግራውንድ ቢኖር ኖሮ ከፍተኛ ኃይል ወደ መሬት ስለሚፈስ ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል። ግራውንድ ከሌለ ግን የሚፈስበት መንገድ የለምና ብሬከሩ ዝም ይላል፣ አምፖሎቹም መብራታቸውን ይቀጥላሉ። መንገዱን የሚዘጋው ለበዓል አቧራ ሊያብስ የብረት መሰላል ላይ የወጣው ሰው ነው።

አንዳንድ ሠራተኛ «ግራውንድ ከሌለ ከኒውትራሉ ጋር አስረው» ይላል፤ ኒውትራል ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ ነው። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ኒውትራሉ ከቆጣሪው እስከ ኮርኒሱ የሆነ ቦታ ላይ ከተላቀቀ፣ ማብሪያው እንደበራ 220 ቮልት በአምፖሉ በኩል አልፎ አካሉ ላይ ይመጣል፤ ለዚህ የተበላሸ ዕቃ እንኳ አያስፈልግም። የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰርም አያዋጣም፣ ዛሬ ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከብሬከሩ ሳጥን 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አረንጓዴና ቢጫ የመዳብ ሽቦ በዚያው ቱቦ ስቦ ማምጣት ነው፤ ሳጥኑ ራሱ ግራውንድ ከሌለው መጀመሪያ መሬት ውስጥ ዘንግ ይተከል። ይህ የማይቻል ከሆነ ይህን ቻንደለር አይግዙ። አካሉ ላይ በካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ የታተመበትን ዕቃ ይምረጡ፤ ምልክቱ ልባሱ ድርብ ስለሆነ ግራውንድ አያስፈልገውም ማለት ነው። በ30 ሚሊ አምፔር የሚወርደው የንዝረት መከላከያ ብሬከር ሕይወት ያተርፋል፤ ቢሆንም በግራውንድ ላይ የሚጨመር እንጂ ምትኩ አይደለም።

ሦስተኛው ሥዕል ላይ ሁለቱ የኃይል ሽቦዎች ቀለምም ፊደልም የላቸውም፤ የትኛው ከየትኛው ጋር ቢታሰር ግድ የለም ማለቱ ነው። መብራቱ በሁለቱም መንገድ መብራቱ እውነት ነው። ይሁንና በኢ27 መያዣ ፌዙ ከታች መሀል ላይ ካለው ምላስ ጋር፣ ኒውትራሉ ደግሞ ከጥርሳማው ቀለበት ጋር መገናኘት አለበት። ከተገለበጠ፣ አምፖል ሲቀይሩ በጣትዎ የሚነኩት የአምፖሉ ጥርስ ፌዝ ይሆናል። ቻንደለሩ ገና ወለል ላይ ሳለ መልቲሜትሩን ሽቦ ሲገናኝ በሚጮኸው መለኪያ ላይ አድርገው የትኛው ሽቦ ወደ ምላሱ እንደሚሄድ ይፈትሹ፣ ስድስቱንም መያዣ። አንዱ ክንድ ከሌሎቹ ተገልብጦ የታሰረ ሊሆን ይችላል። ከኮርኒሱ የሚወጣውን ሽቦ ደግሞ በቀለም አይመኑ፦ ዛሬ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፤ በአሮጌ ቤት ቀይና ጥቁር፣ አንዳንዴም ሁለቱም አንድ ቀለም ሆነው ይገኛሉ። ለዚህ ልኬት ብቻ ብሬከሩን መልሰው በመልቲሜትር ይለኩ፤ ከዚያ እንደገና ያውርዱት። ማጥፊያው ጠፍቶ ሳለ ከሁለቱ በአንዱና በግራውንዱ መካከል 220 ቮልት ካነበቡ ማጥፊያው የተሠራው ኒውትራሉ ላይ ነው፤ አምፖሉ ጠፍቶም መያዣው ኃይል አለው ማለት ነው። ጠፍቶ ሳለ ሌሊት ፈዘዝ ብሎ የሚበራ ኤልኢዲ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህ ሳይስተካከል ምንም ነገር አይሰቀል።

ስለ አያያዙ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ፊሸርና ሁለት አጫጭር ብሎን አለ፤ ሥዕሉም ቻንደለሩን የሚይዘውን ላሜራ በነሱ ብቻ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ላይ ያስራል። የፕላስቲክ ፊሸር ግድግዳ ላይ ጥሩ ነው፣ ክብደቱ ወደ ጎን ስለሚጫነው። ከላይ ግን በቀጥታ ወደ ታች ይጎተታል፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ እየተንሸራተተ ይወጣል። ሶሌታው በብሎኬት የተሞላ ከሆነማ ትራፓኖው ባዶ ውስጥ ይገባል፣ የሚይዘውም የለም። ሁለቱን ፊሸሮች ይጣሉ። በብሎኬቶቹ መካከል ያለውን ኮንክሪት ፈልገው 8 ሚሊ ሜትር ባለ መንጠቆ የብረት ፊሸር ያስገቡ። ኮርኒሱ ቺፑድ ወይም ጂፕሰም ከሆነ ሳንቃው ላይ ሳይሆን ከላይ ባለው ሞራሌ ላይ፣ ሞራሌው ከሳሳም በሁለት ሞራሌዎች መካከል አዲስ እንጨት አጋድመው ይሰሩ። ከላይ የጠቀስነው መመዘኛ ተንጠልጣይ መብራት የክብደቱን አራት እጥፍ ለአንድ ሰዓት እንዲሸከም ይፈትነዋል። መንጠቆውንም በዚሁ ልክ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል፦ 9 ኪሎው 36 ይሆናል፤ ውሃ የሞሉ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ይበቃሉ። ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርገው በገመድ ያንጠልጥሉ፤ ሰዓቱ እስኪሞላ ማንም በሥሩ አይለፍ።

ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል፣ ሁለተኛው ሥዕል የሚያሳየው፣ በአንድ ቃል ስህተት ነው። ሙጫው ይደርቃል፣ ጥምዙ ይላላል፣ የላላው ይግላል። የሽቦውን ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ልጠው በሞርሰቶ (ሽቦዎችን በብሎን በሚያገናኝ ማሰሪያ) ይሰሩ፤ ኮርኒሱ ላይ የሚያርፈውን የቻንደለሩን ክዳን ሲጠብቁ ሽቦ ከጠርዙ ሥር እንዳይቆነጠጥ ዙሪያውን ይዩ።

አምስተኛው ሥዕል ላይ አምፖሉ በርቶ ቤተሰብ ፈገግ ብሏል፤ የፍተሻ ደረጃ የለም። ብሬከሩ እንደወረደ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ሳጥኑ ውስጥ ካለው የግራውንድ ማሰሪያ፣ ሌላውን በየተራ ከስድስቱ ክንዶች ባዶ ብረት ጋር ያገናኙ። ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለበት። ከበለጠ ወይም ቁጥሩ ከተወዛወዘ የግራውንዱን ብሎን ይፍቱት፤ ሥሩ ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጨምረው መልሰው ያጥብቁና እንደገና ይለኩ።