ፍርድ ቤት ወይስ ኮሚሽን?

ጅማ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ የሥራ ፈተና አልፋ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ «ኮምፒውተሩን እንዴት ታይዋለሽ?» ተብላ ተመለሰች እንበል። ወዴት ትሂድ?

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ጽሕፈት ቤት አለው። አቤቱታ በነጻ፣ በቃልም ጭምር ይቀበላል። ማመልከቻ ጸሐፊ ፍለጋ መንከራተት የለም። ያጣራል፣ ያስማማል። ግን መጨረሻው ምክረ ሐሳብ ነው። አሠሪው ጆሮ ዳባ ልበስ ቢልስ?

ፍርድ ቤት ያደክማል። ቀጠሮው ይረዝማል። የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አስተርጓሚ ሊያስፈልጋትም ይችላል። ፍርዱ ግን ያስገድዳል። ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ትልቅ ጉልበት ይሰጣታል፤ አድልዎ እንዳልፈጸመ የማስረዳት ሸክሙ አሠሪው ላይ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። «ምን ማስረጃ አለኝ?» ብሎ ቤቱ የቀረው ስንቱ ነው! የአካል ጉዳተኞች ማኅበርም ስለ እሷ ሊከስ ይችላል። ጠበቃ መቅጠር ካልቻለች የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አይመረምርም። ኮሚሽኑን ስትጠብቅም የይርጋ ጊዜ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) እንዳያልፍባት።

ሥራ ለተነፈገች ልጅ እኔ ፍርድ ቤቱን እመርጣለሁ። የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ደረጃ ብቻ ሆኖ ዊልቸር አላስገባ ሲል ግን መጀመሪያ ኮሚሽኑ ዘንድ እሄዳለሁ። የሕንጻ ሕጉ ለዊልቸር የሚመች መግቢያ እንዲኖር ያዛል፤ ራምፕ (ያለ ደረጃ የሚወጣበት ተዳፋት) ደግሞ በስምምነትም ሊሠራ ይችላል።