ተኩስ የሌለበት የጦርነት ፊልም

ቅዳሜ ማታ ጋሼ ቤት ፊልም ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አጎቴ ናቸው፤ ሰሜን ዘምተው፣ በ1983 የደርግ ጦር ሲበተን ነው ባሕር ዳር የተመለሱት። በፍላሽ የያዝኩት የዊሊያም ዋይለርን «ዘ ቤስት ይርስ ኦፍ አወር ላይቭስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው። የጦርነት ፊልም ነው ብያቸው ስለነበር «ተኩሱ መቼ ነው?» እያሉ ጠየቁኝ። ተኩስ የለውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሦስት ሰዎች በአንድ አውሮፕላን ከተማቸው ይገባሉ። አል የባንክ ሰው ነው፤ ልጆቹ አድገው ጠበቁት፣ እሱ መጠጥ ያበዛል። ፍሬድ ቦምብ በሚጥል አውሮፕላን ላይ ሻምበል ነበር፤ አሁን የድሮ መደብሩ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ አይስክሬም ይሸጣል። መርከበኛው ሆመር ሁለቱም እጆቹ ተቆርጠው በብረት መንጠቆ ነው የሚሠራው።

ፍሬድ በእንቅልፉ አውሮፕላን ሲቃጠል እያየ ጓደኛውን ውጣ እያለ ይጮሃል። እዚህ ላይ ጋሼን ማየት አልደፈርኩም። ልጅ ሆኜ እነሱ ቤት ሳድር ይሄንኑ ጩኸት በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር፣ ከዚያ እትዬ «አይዞህ፣ ባሕር ዳር ነህ፣ ቤትህ ነህ» ሲሉ። ዛሬም ሠርግ ላይ ጥይት ሊተኮስ ሲል ጋሼ ሰበብ ፈልገው ውልቅ ይላሉ። የአሜሪካ ሐኪሞች ለዚህ ሕመም አሁን ያለውን ስም በመመሪያቸው ያሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እኛ ሰፈር «ከዘመቻ ከመጣ ጠባዩ ተበላሸ» ይባልና ያልፋል።

ምርጡ ቦታ ፍሬድ ሊፈራርሱ የተደረደሩ አውሮፕላኖች መሃል ሲገባ ነው። አንዱ ውስጥ ወጥቶ የድሮ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ዋይለር የጦር ሜዳ ትዝታ አያስገባም፤ አቧራ የለበሰ መስታወት፣ የሰውየው ላብ፣ እንደ ሞተር የሚያጓራ ሙዚቃ፣ በቃ።

ሆመር ክብሪት ሲጭር ጋሼ «ይሄ ልጅ ተዋናይ አይደለም» አሉ። ልክ ናቸው። ሃሮልድ ራስል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ወታደር ሆኖ በልምምድ ላይ ፈንጂ ነው እጆቹን የወሰደበት። በዚህ አንድ ሚና ሁለት ኦስካር አግኝቷል።

ጉድለትም አለው። የፍቅሩ ነገር ይንዛዛል፣ የፍሬድን ሚስት ዝም ብለው ክፉ አድርገዋታል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ቶሎ ቶሎ ይስተካከላል፤ የጋሼ እንቅልፍ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖትም አልተስተካከለም። የአማርኛ ጽሑፍ ስላጣሁለት እኔ ነኝ ሳስተረጉም ያመሸሁት፣ አፌ ደርቆ።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑን ይዘን በረንዳ ወጣን፤ የጣና ንፋስ ደስ ይላል፣ ትንኙ ግን አይጣል ነው። ሆመር መንጠቆዎቹን አውልቆ «አሁን በሩ ቢዘጋብኝ መክፈት አልችልም» እያለ ለእጮኛው የሚያሳያት ቦታ ስንደርስ እትዬ ጀበናውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ልጅቷ ምንም ሳትል የፒጃማውን ቁልፍ ትቆልፍለታለች።

ባትሪው 9 ፐርሰንት ቀርቶታል። ጋሼ «እሷን መልሳት» አሉኝ። መለስኩላቸው።