የሰው ኃይል ኃላፊያችንን አመስግኑልኝ

አሠሪ የሆናችሁ፣ ሰው የምታስተዳድሩ ሁሉ ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

አባቴ ሲሞት ሌላ ቦታ ነበር የምሠራው። ስሙን አልጠራም። ሕጉ የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል፤ አዋጅ 1156/2011 ላይ አለ። እሱንም ለማግኘት መጀመሪያ የሞት ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ደሴ ደርሶ መመለሱ ብቻ ስንት ይፈጃል? በሰልስቱ ቀን አለቃዬ ደወለ። ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጥኩት ነበር የጠየቀኝ። ነፍስ ይማር እንኳ አላለም። ስመለስ ደመወዜ ተቆርጧል። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ እናቴ አረፈች። ወንድሜ ቀድሞ የደወለው አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ነው። ፊቷ ላይ ምንም ሳታሳይ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር በመኪና እህቴ ቤት ላከችኝ። መርዶዬን በዘመዶቼ መሀል ሰማሁ። ቢሮ ውስጥ፣ በስልክ አልሰማሁም። ይህን ውለታ ያየ ያውቀዋል።

ወደ ሥራ ስመለስ ወር መዝጊያው ተሠርቶ ጠበቀኝ። ሰው በየተራ ጠረጴዛዬ ድረስ እየመጣ እንዳያስለቅሰኝ ብላ ሁሉም ጠዋት አንድ ላይ እንዲያጽናናኝ አድርጋለች።

ከሁሉም የማልረሳው ግን አንድ ቀን ጠርታኝ ያለችኝን ነው። «የእማማ አርባ እሁድ ነው አይደል? ሐሙስ ሂጂ፣ ማክሰኞ ትገቢያለሽ።» እኔ ፈቃድ መጠየቁ ከብዶኝ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። እሷ ለካ ቀኑን ቆጥራ ይዛዋለች! አርባን የሚያውቅ የፈቃድ ፎርም አይቼ አላውቅም። በወረቀት በኩል እንዴት እንዳስተካከለችው አልገባኝም። ብቻ ከደመወዜም ከዓመት ፈቃዴም አልተነካም።

ለእኔ ብቻም አይደለም። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ባልደረባችን ዒዳዋን፣ 4 ወር ከ10 ቀኑን፣ ቤቷ ሆና እንድትሠራ ያደረገችው እሷ ናት።

እናቴ መራቂ ነበረች። በሕይወት ኖራ ይህን ብትሰማ ምርቃቱን ታዘንብላት ነበር። እኔም ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፣ ክፉ አይንካሽ እላለሁ።

ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሲጠይቋት ግን በትርፍ ጊዜዋ ሄዳ ታማክራለች። አሠሪዎች፣ እባካችሁ አናግሯት። ሠራተኛችሁ ሀዘን ላይ ሳለ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ከእሷ የተሻለ የሚነግራችሁ አላውቅም። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።