ለሴቶቹ አምስት ኮከብ፣ ለዶሮው ሁለት

ሰውዬው የአስተናጋጇን እጅ ይዞ አልለቅም አለ። ልጅቷ የቀረበችው ሒሳብ ልትቀበል ነበር። «ስልክሽን ካልሰጠሽኝ ሒሳብ የለም» ይላታል፤ አብረውት ያሉት ይስቃሉ። እሷ ፈገግ እያለች እጇን ለማስለቀቅ ትታገላለች። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ተማሪ ሆኜ ትሪ ተሸክሜያለሁ። ፈገግ ካላልሽ «ይቺ ልጅ ትኮራለች» ተብሎ ክሱ ባለቤቱ ጋ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን በሠራሁበት ቤት ሁሉ አይቼው አላውቅም። በሰል ያለች አስተናጋጅ ከጥግ መጣችና በመካከላቸው ገባች። «አንቺ ወደ ውስጥ ግቢ፤ ይሄን ጠረጴዛ እኔ ይዤዋለሁ» አለቻት። ሰውዬው ቱግ አለ። «ባለቤቱን ጥሪልኝ!» ወንድ የሚመጣለት መስሎት ነበር መሰለኝ። ሽርጥ ያገለደመች ሴት ከወጥ ቤት ወጣች። ሠራተኞቹ «ማዘር» ነው የሚሏት። እጇን እየጠራረገች እስኪጨርስ ሰማችው።

«ወንድሜ፣ ሒሳብህን ክፈልና በሰላም ሂድ። እዚህ ቤት የሚሸጠው ምግብ ነው» አለችው።

«ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም!»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ጓደኛዬ ልታጨበጭብ ምንም አልቀራት። ሰውዬው ከፍሎ ወጣ፤ ቲፕ እንዳልተወ መቼም ትገምታላችሁ። የቤቱን ስም የማልጽፈው ለልጅቷ ብዬ ነው። ልጅቷ «ያቺ ናት» ተብላ እንድትታይ አልፈልግም።

በሩ ላይ በትልቁ «በሴቶች የሚመራ ምግብ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሳይ ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋ መጨመሪያ ነው። ከካሸሯ ጀርባ የእቴጌ ጣይቱ ፎቶ ተሰቅሏል። ነገሩ ይገባኛል። በአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን የፒያሳውን ሆቴል ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ በጥር 2007 ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፎ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ግን እውነቱን እንነጋገር። አዲስ አበባ ውስጥ ሴት ምግብ ቤት ከፈተች ማለት መቼ ዜና ሆኖ ያውቃል? ጠላ ቤቱም ጠጅ ቤቱም ሲጠራ የኖረው በባለቤቷ ስም ነው። ወጡን የምትሠራው ሴት፣ እንጀራውን የምትጋግረው ሴት፣ ዕቃውን የምታጥበው ሴት። ወንዱ ብቅ የሚለው ደመወዙ ከፍ ሲል ነው፤ ያኔ ወጥ ሠሪ መባሉ ይቀርና «ሼፍ» ይሆናል።

ባለቤቷ ሴት መሆኗ ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ድሮ እመላለስበት የነበረ አንድ ቤት አለ፤ ባለቤቷ ሴት ናት። የልጆቹን ቲፕ ማታ ማታ ሰብስባ የምትወስደው እሷው ናት። ብርጭቆ ሲሰበር ደግሞ ከደመወዛቸው ትቆርጣለች።

ወደ ምግቡ ልግባ። ጓደኛዬ ጾም ሆነ ፍስክ በያይነቱ ነው የምትበላው። ምስሩ ድንቅ፣ ሽሮው ወፈር ያለ፣ እንጀራው ዓይኑ የወጣ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔ ግን በማዘር ጀግንነት ልቤ ሞቆ ዶሮ አዘዝኩ።

ዶሮ ወጥ ማለት ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ፣ ጠቁሮ፣ ሟሙቶ እስኪጠፋ ድረስ ችኮላ የለም። በርበሬውም ገብቶ በደንብ መብሰል አለበት። የእኔ ሽንኩርት በጥርሴ ይያዛል። በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ሥጋውም ቅመሙ አልገባውም። ያልበደለኝ እንቁላሉ ብቻ ነው። ሴት ሠራችው ብዬ ያልበሰለ ቁሌት አላመሰግንም፤ ወጥ ወጥ ነው።

ዋጋውስ? ለአንድ ብልትና ለአንድ እንቁላል 850 ብር! ሜኑው ግርጌ ላይ ደግሞ ጉንዳን በሚያክል ፊደል «ዋጋው ቫት አይጨምርም» ይላል። 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲታከልበት ከ1,000 ብር አለፈ። ሰፈሬ ውስጥ አንዲት እናት ቤት በዚህ ብር ሁለት ሰው ጠግቦ ቡናውን ጠጥቶ ይወጣል። የዶሮዋ ቁሌትም የበሰለ ነው።

ተናድጄ ያችን በሰል ያለችውን አስተናጋጅ ጠራኋት። «ይሄ ሰርቪስ የሚባለው ማን ኪስ ነው የሚገባው?» አልኳት። «በየሳምንቱ እንካፈለዋለን። ዕቃ አጣቢዎቹም አሉበት» አለችኝ። ይሄን አልጠበቅኩም። ብዙ ቤት ዕቃ አጣቢዋን የሚያስታውሳት ሳህን ሲያልቅ ነው።

ስለ ዶሮው ስነግራት ሳቀች። «ምን ላድርግሽ እህቴ፣ ዶሮ የምትሠራው ወልዳለች።»

ሴትዮዋ ከፋሲካ በኋላ ነው የተገላገለችው። ማዘር በምትኳ ሰው አልቀጠረችም። አዲስ ሰው ከገባ አራሷ ስትመለስ ቦታ ታጣለች ብላ ነው። ሥራውን ተከፋፍለው ያዙት፤ ዶሮው ለዕቃ አጣቢዋ ደረሳት። የወሩን ዕቁብም ዕጣ ሳያወጡ ለአራሷ ሰጧት። በተራ እየሄዱ ገንፎ ያገነፉላታል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ 120 ቀን ነው፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ሆዷ ገፋ ሲል «ትንሽ ዕረፊ» ተብላ በዚያው የቀረች አስተናጋጅ ግን ስንት አውቃለሁ። እኔ በሠራሁበት አንድ ቤት ልጅቷ ወልዳ ስትመጣ ሽርጧን ሌላ ሰው ለብሶት ነበር።

ንዴቴ ግማሹ በረደ። ግማሹ ግን አልበረደም። ለአራሷ እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ለዕቃ አጣቢዋም ዕድገቱ ይገባታል። ግን ልምምዱን በ850 ብር የምገዛው እኔ የሆንኩት ለምንድን ነው? ከሜኑ ላይ አውርዱት፣ ወይ ዋጋውን ቀንሱት። ይህንኑ ለማዘር ነገርኳት። «እውነትሽን ነው» አለች። አንዲት ብር ግን አልቀነሰችም። ቡና ጋበዘችኝና ዕቃ አጣቢዋን ልጅ ከወጥ ቤት ጠራቻት። «ለራሷ ንገሪያት፣ ትማርበት።»

ልጅቷ እጇን አጣምራ ቆመች። ቁሌቱ እንዳልበሰለ ስነግራት አልተከራከረችም። ዶሮውን የምትማረው ከአራሷ ነው ለካ፣ በስልክ። «ጋዙን አሳንሺ አለችኝ፣ አሳነስኩ። ከዚያ መቼ በርበሬ እንደምጨምር ልትነግረኝ ስትል ሕፃኑ አለቀሰና ዘጋችው» አለችኝ። ጓደኛዬ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፣ ምንም እንኳ የከፈልኩት እኔ ብሆን። ቲፕ ትቼ ወጣሁ፤ ለዶሮው ግን አይደለም።

እንግዲህ ቤቱን ካገኛችሁት ሂዱ። በያይነቱን እዘዙ፣ ቡናውን ጠጡ፣ ሒሳቡን ከነቫቱ አስቀድማችሁ ደምሩ። አራሷ የምትመለሰው ሐምሌ መጨረሻ ነው ብለውኛል። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ዶሮ ያማረው ሰው ከፍልሰታ ፍቺ በፊት አይድከም።