ሐዋሳ ላይ ድምፅ መስጠት፦ ሕዝበ ውሳኔና ጠቅላላ ምርጫ

ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ለሐዋሳ መራጭ የቀረቡለት ሁለት ምልክቶች ብቻ ነበሩ፦ ሲዳማ ክልል እንዲሆን ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ ዕቃ)፣ በነባሩ የደቡብ ክልል ለመቆየት ጎጆ። ማንበብ የማይችልም ሰው ሳይቸገር የሚመርጥበት ወረቀት ነው። ክልልነትን የደገፈው ድምፅ 98.51 በመቶ ነበር።

ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ግን ወረቀቱ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ስሕተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ወረቀት ላይ የሚመረጠው አንድ ዕጩ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ላይ ምልክት ከተደረገ ድምፁ ይበላሻል። ለክልል ምክር ቤት ግን ምርጫ ክልሉ ብዙ መቀመጫ ካለው በዚያው ቁጥር ልክ መምረጥ ይቻላል። ይህን ልዩነት ከአስፈጻሚው ሳይጠይቁ ወደ ሚስጥር ክፍሉ መግባት አይመከርም። በጣት አሻራ የሚመርጥ ሰው ቀለሙ የሁለት ዕጩዎችን ሳጥን እንዳይነካ ይጠንቀቅ፤ ወረቀቱንም ቀለሙ ሳይደርቅ አይጠፍ።

ምዝገባው ብዙም አይለያይም፤ 18 ዓመት የሞላው ነዋሪ ቀርቦ ይመዘገባል፣ ለጠቅላላ ምርጫ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። የመራጭነት ካርድ ሳይዙ ሰልፍ መያዝ ትርፉ ድካም ነው።